ከመብራቱ በፊት የተቀባሁት

ስለ መብራቱ የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል። አንዷ የልጇ ፊት ነጭ ነገር አውጥቶባት ትመጣለች፣ ሌላዋ ብጉር አስመርሯት ትመጣለች። ደጄ ላይ ቆመው ሰላምታ ከመስጠታቸው በፊት ገበያ ላይ እንዳለ ዕቃ ፊቴን አገላብጠው ያዩታል። «እንደምን ዋልሽ አስካለ» የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምሬአለሁ፣ እጄ አይሰንፍም። የሚያነበው ሰው ከእኔ ጥፋት ይማር፤ ካልተማረም የራሱ ጉዳይ ነው።

ቤታችን ጉለሌ ነው፣ ወደ እንጦጦ ከሚወጣው መንገድ ወረድ ብሎ። ባለቤቴ ተሰማ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነው። እናቴ ከእኛ ጋር ትኖራለች። የመጀመሪያ ልጃችን ጽጌ በተወለደች በሦስተኛው ወር ገደማ ከአፌ ጥግ የምስር ፍሬ የምታህል ነጭ ነገር ታየች። ልብስ እያጠብኩ ነበር፤ ጎረቤቴ «አስካለ፣ ሊጥ ነክቶሻል፣ ጥረጊው» አለችኝ። ጠረግኩት። «አልለቀቀም» አለች። በቀሚሴ ጫፍ እስኪቀላ ፈተግኩት። እሷ ሳቀች፣ እኔም ሳቅኩ።

በወሩ ከግራ ዓይኔ ሥር ሌላ ወጣ፣ ከዚያ ግንባሬ ላይ፣ ከዚያ አገጬ ላይ። አያመኝም፣ አያሳክከኝም። መድኃኒት ቤት ያለው ሰው «ቋቁቻ ነው» ብሎ የድኝ ቅባት ሸጠልኝ። ሽታው ለጉድ ነው፤ ተሰማ ሁለት ሳምንት ሙሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። አንድ ክሊኒክ ሄድኩ፣ እዚያ ደግሞ «ደምሽ አንሶ ነው፣ ከወሊድ በኋላ ያጋጥማል» አሉኝ። አሥር መርፌ ተወጋሁ። መቀመጫዬ ጠጠረ፣ ፊቴ ግን መንጣቱን አልተወም። እናቴ «ምች ነው» አለች። ለእናቴ ሁሉም ነገር ምች ነው። ወጥ ሲሠሩ ቆይተው፣ ላብና ቅባት ፊት ላይ እያለ፣ ድንገት ፀሐይ ላይ ሲወጡ ይመታል ይላሉ። «ያን ቀን ሳትታጠቢ ወጥተሽ ነው፤ ስንቴ ነግሬሽ!» እያለች ዳማከሴ አሽታ ፊቴን ታሸኛለች። ዳማከሴው አልጎዳኝም፤ አልጠቀመኝምም።

ሰፈሩ ግን ከሐኪም ቀድሞ ስም አወጣለት። ለምጽ ነው፣ ለምጽ ደግሞ ውሎ አድሮ ቁምጥና ይሆናል አሉ። ማን እንዳለ አላውቅም፤ እንዲህ ያለ ወሬ ባለቤት የለውም። የማርያም ማኅበራችን ላይ ለእኔ የሚቀዳበት ብርጭቆ ለብቻው መቀመጥ ጀመረ። አንድ ቀን ተሳስቼ የሌላ ሴት ብርጭቆ ባነሳ «ያዥው፣ ያዥው፣ ላንቺ ይሁን» አለችኝ። ደግ መስላኝ አመሰገንኳት! ነገሩ የገባኝ ቤቴ ከደረስኩ በኋላ ነው።

ወሬው እንጦጦን ተሻግሮ ሱሉልታ ደረሰ። የተሰማ እናት እማማ በለጡ እዚያ ነው የሚኖሩት፤ ላም ያረባሉ፣ ወተት ይሸጣሉ። አንድ ማለዳ በበቅሎ መጡ። ጽጌ ስምንት ወሯ ነበር፣ ጡት ትጠባለች። እማማ በለጡ ሳይቀመጡ እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠቀለሉና አገጬን ቀና አደረጉት። ወደ ብርሃኑ አዞሩኝ።

«ተሰማ፣ ልጅቱን ስጠኝ» አሉ።

«እማዬ፣ ምን ማለትሽ ነው?»

«ማለቴማ ግልጽ ነው። የልጅ ልጄ ጣቷ እስኪረግፍ ቁጭ ብዬ አላይም።»

«ጡት ትጠባለች እኮ!» አልኩ። «ምን ጠጥታ ታድራለች?»

«አምስት ላም አለኝ።» ወደ እኔ ዞሩ። «አስካለ፣ ጠልቼሽ አይደለም። አውሬም አይደለሁም። ፊትሽ የጠራ ቀን መጥተሽ ትወስጃታለሽ። ቃሌ ነው።»

ተሰማን አየሁት። ተሰማ መሬቱን አየ። ወንድ አይደለህም ወይ ብዬ ልጮህበት ፈልጌ ነበር፤ ግን እኔም ፈርቼ ነበር። እውነት ቢሆንስ? ጣቷ ቢረግፍስ? ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም፤ ልጄን ከአልጋ ያነሳኋት፣ ጠቅልዬ ያስታቀፍኳቸው እኔ ነኝ። ጡቴ ሦስት ቀን እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ትኩሳት ለቀቀብኝ። እናቴ እያለበች ደጅ ትደፋው ነበር።

ሆስፒታል የሄድኩት ከዚያ በኋላ ነው። የቆዳ ሐኪሙ ፈረንጅ ነበር፣ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ያያል። እኔ አግዳሚው ላይ ስቀመጥ ሌላው ሰው እየተነሳ ይቆማል፤ መቆም ይሻለዋል። አንዲት እግሯ ያበጠ አሮጊት ብቻ ከጎኔ አልተነሳችም። ቆሎ ከጉያዋ አወጣችና ከመዳፏ መዳፌ ላይ ገለበጠችልኝ። ከቤቴ ሰው ሌላ የሰው እጅ ከነካኝ ወራት አልፎ ነበር። ቆሎውን ይዤ አፈጠጥኩበት።

«ብዪው እንጂ! ምን ታፈጪበታለሽ? ጥርስ የሌለኝ እኔ ነኝ» አለችኝ። እንባዬም ሳቄም አብረው መጡ።

ሐኪሙ ዓይኔን አስጨፍኖ ነጩን ቦታ አንዴ በጥጥ፣ አንዴ በመርፌ ጫፍ ነካካው። የሚያስተረጉሙለት አቶ መርሻ የሚባሉ ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት ናቸው፤ ቀጭን፣ ዝግ ያሉ ሰው። ሲነካሽ ተናገሪ አሉኝ፣ ሁሉንም ተናገርኩ።

«ቁምጥና ቢሆን አይሰማሽም ነበር» አሉኝ አቶ መርሻ። «ይኼ የቆዳን ቀለም የሚሠራው ነገር ሥራ ማቆሙ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ልጅም አይዘውም።»

እዚያው ወንበሩ ላይ አለቀስኩ። ወረቀት ጻፉልኝ፣ ማኅተም መቱበት። በማግሥቱ ወረቀቱን ይዤ እንጦጦን በእግሬ ወጥቼ ሱሉልታ ወረድኩ። እማማ በለጡ ጎረቤታቸው ያሉትን ቄስ ጠርተው ሁለት ጊዜ አስነበቡት።

«ጥሩ ነው» አሉ። «ግን ሰው ወረቀቱን መች ያያል? ፊትሽን ነው የሚያየው። ነገ ይቺ ልጅ ለትዳር ስትታሰብ የማን ልጅ ናት ሲባል ምን ልበል?»

ጽጌን ከሩቅ አሳዩኝ። ጥጃ እያየች ትስቃለች። ወፍራለች። ያ ደግሞ የበለጠ አናደደኝ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ አቶ መርሻ ስለ መብራቱ ነገሩኝ። ፀሐይ ከምታወጣው ጨረር ዓይን የማያየው ዓይነት አለ፤ መብራቱ ያንን ያወጣል። ለአንዳንዱ ሰው ቀለሙን ይመልስለታል፣ ለአንዳንዱ አይመልስም። «ረጅም ጊዜ ይወስዳል፣ ቃል አንገባም» አሉ። ቃል አንገባም ያሉትን ጆሮዬ አልሰማውም።

ክፍሉ ጠባብ ነው፣ መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍኗል። መብራቱ ከረጅም ብረት ላይ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ተደፍቷል። ጥቁር መነጽር ያስሩልኛል፣ አንገቴን በአንሶላ ይሸፍኑታል፣ አቶ መርሻ ሰዓቱን ሞልተው ይወጣሉ። መብረቅ ከወደቀ በኋላ አየሩ እንደሚሸት ይሸታል። መጀመሪያ አንድ ደቂቃ ነበር፣ ከዚያ እየተጨመረ ሄደ። ሰዓቱ ሲጮህ ገብተው ያጠፉታል። አንድም ቀን ሳይጠይቁኝ አብርተውት አያውቁም።

«ፊትሽ ላይ ምንም አልተቀባሽም?»

«ምንም።»

«ቅቤ? ቫዝሊን? ቅጠል?»

«ምንም አልኩዎት እኮ፣ አቶ መርሻ!»

ከእኔ ቀጥላ የምትገባ ባለመኪና ወይዘሮ ነበረች፣ ለብጉሯ። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ «እዚህ እንዳየሽኝ ለማንም እንዳትነግሪ» ትለኛለች። ለማን እንደምነግርባት እንጃ፤ የሚያናግረኝ ሰው መች ነበረኝ! ክፍያውን ተሰማ ትርፍ ሰዓት እየሠራ ይሸፍን ነበር። ያን ማለዳ በአፉ ያላለውን በእጁ ሊያካክስ የፈለገ ይመስለኛል። አንድም ቀን ግን ይቅርታ አላለኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም።

ብዙ ወር ቆይቶ ሐኪሙ በማጉያ መነጽር አየና ደስ አለው። ነጩ ውስጥ የጤፍ ፍሬ የሚያካክሉ ቡናማ ነጥቦች ወጥተዋል። ቀለሙ እየተመለሰ ነው አለ። እኔም ቤቴ ሄጄ በመስታወት ቆጠርኳቸው፤ ከአፌ ጥግ ሰባት፣ ከዓይኔ ሥር አራት። በእንዲህ ያለ ነገር የሚደሰት ሰው ያሳዝናል አይደል? ተደሰትኩ። በኋላ ግን ጤፍ በጤፍ እስኪሞላ ስንት ዓመት ይፈጃል የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ጽጌ መራመድ ጀምራ ነበር። ስሄድ ከእማማ በለጡ ቀሚስ ኋላ ተደብቃ ታየኛለች። አፏን የፈታችው በኦሮምኛ ነው፤ እማማ በለጡን «አዮ» ትላቸዋለች፣ እናቴ ማለት ነው። የእኔ ኦሮምኛ ደግሞ ወተትና እንቁላል ከመግዛት አያልፍም።

ከዚያ ሁሉ ወር በኋላ የመብራቱ ሰዓት ሲጨመር ፊቴ ትንሽ መቅላት ጀመረ። ሐኪሙ ይህ የሚጠበቅ ነው ብሏል። እናቴ ግን አየችና ደነገጠች።

«አንቺ ልጅ፣ ይኼ መብራት ፀሐይ ነው አላልሽኝም?»

«ነው።»

«ታዲያ ባዶ ፊት ላይ ሲነድ ምች አይመታሽም? በምች የነጣ ፊት በምች ይድናል? ኧረ ጉድ ነው!»

«ተይ እማ፣ ሐኪም ይወቀው።»

«ሐኪሙ ምች መኖሩን ያውቃል? እስቲ ጠይቂው።»

እውነቷን ነው፤ አያውቅም። ከደጃችን ጤና አዳም አለ፤ ለሆድ ቁርጠትም ለምንም የምንቀጥፈው ያው ጤና አዳም። እናቴ ከዳማከሴ ጋር ወቅጣ ጭማቂውን ከመብራቱ በፊት ልቀባሽ፣ ምቹን ይመክትልሻል አለች። ሁለት ሳምንት እምቢ አልኳት። ሦስተኛው ሳምንት ላይ፣ ጽጌ «አዮ» ስትል ከሰማሁ በኋላ፣ እሺ አልኳት። ቸኩዬ ነበር፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። እጇን ጭማቂው ውስጥ ነከረችና በአምስት ጣቷ ከጉንጬ እስከ አገጬ ሳበችው፣ በዚህም በዚያም። ሽታው እንዳይታወቅብኝ ከመግባቴ በፊት በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ ጠረግ አደረግኩት።

«ምንም አልተቀባሽም?» አሉኝ አቶ መርሻ።

«ምንም» አልኳቸው።

በቀትር ፀሐይ በእግሬ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ያን ቀን ምንም አልነበረም። በማግሥቱ ፊቴ በርበሬ እንደተቀባ ነደደ። በሦስተኛው ቀን ውሃ ቋጠረ፣ ዓይኖቼ አብጠው ተደፈኑ። ዓይኔ ጠፍቷል ብዬ አመንኩ። ልጄን ፊቴ ጠርቶ ልወስዳት ቀርቶ ዳግም እንደማላያት አሰብኩና እንደ እብድ ጮህኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማ ምላስ አወጣ። ሆስፒታል ሄዶ «ድሬሰሩ ሰዓቱን ረስቶት ሚስቴን ጠብሷታል!» ብሎ ግቢውን አናወጠው። አቶ መርሻን ከመብራቱ ክፍል አንስተው ቁስል ማጠቢያ ላኳቸው።

እናቴ ውሃ ስታቀርብልኝ እጇን በነጠላዋ ጠቅልላ ነበር። በትንሹ በተከፈተው ዓይኔ አየኋት። የእሷም እጅ ተልጧል፤ ቀብታኝ ሳትታጠብ ፀሐይ ላይ ልብስ ስታሰጣ ውላ ነበር። አውቃለሁ፣ እንደማውቅ ታውቃለች። ለተሰማ ግን አንዳችንም አልነገርነውም።

ሦስት ሳምንት አልፎ፣ ቁስሉ ሲደርቅ፣ እናቴና ተሰማ ደግፈው ሐኪሙ ዘንድ ወሰዱኝ። ሐኪሙ ጉንጬን ወደ መስኮቱ አዙሮ አየው። በሁለቱም ጉንጬ ላይ ጥቁር ሰንበር ተጋድሟል፤ አምስት በዚህ፣ አምስት በዚያ።

«ማን መታሽ?» አለኝ በራሱ አማርኛ፣ ተሰማን እያየ። ተሰማ ፊቱ ዐመድ መሰለ።

እናቴ እጆቿን ከነጠላዋ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው። «እኔ ነኝ» አለች። «በጥፊ አይደለም። በጤና አዳም ነው።» ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠች።

አቶ መርሻን ለትርጉም ጠሯቸው። ፊታቸውን ማየት አልቻልኩም። «ጠይቀውኝ ነበር፣ ዋሽቼዎታለሁ» አልኳቸው። እሳቸውም ቁጣ እንኳ አላወጡም።

«ሦስት ሳምንት ሙሉ» አሉኝ፣ «ሰዓቱን ረስቼው ይሆን እያልኩ ራሴን ስመረምር ነበር። ረስቼው ነው ብዬ ልፈርም ነበር።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐኪሙ ነገሩን አስረዳን። አንዳንድ ቅጠል ጭማቂው ውስጥ ጨረሩን የሚያባብስ ነገር አለ፤ ቆዳ ላይ ሆኖ ከዚያ ብርሃን ጋር ሲገናኝ ሥጋ ይጠብሳል። የጠራ ፀሐይም ይበቃዋል። በግብፅ አገር የዚህ ዓይነት ቅጠል ለለምጽ በሐኪም እጅ፣ ተመዝኖ ይሰጣል አለ። ያልተመዘነው ግን ዓይን ያጠፋል። ጭማቂው ዓይኔ ሥር ስላልደረሰ ተርፌአለሁ። እናቴ ይህን ሁሉ ትታ ከመካከሉ ለለምጽ ይሰጣል የሚለውን ብቻ ሰማች። የተቃጠለው ቦታ ሲሽር ነጩ ጠቁሮ ተነሳ፤ ከሌላው ፊቴ ይልቅ ጠቆረ። «አየሽ! ጤና አዳሙ ነው ያዳነሽ!» ትላለች። እባካችሁ እናቴን አትስሟት። ከእኔ በኋላ ሰምታት ልጇን የቀባች አንዲት ሴት አለች፤ የልጅቱን አንገት አይቼዋለሁ። ብርሃን የሚታከም ሰው ምን እንደተቀባ ሲጠየቅ የቅዱስ ዮሐንስ ጠበልም ቢሆን ይናገር፣ ሳያፍር ይናገር።

ግንባሬንና የዓይኔን ሥር ለመመለስ ሌላ ብዙ ወር መብራት ሞቅኩ፣ በጥቂቱ፣ በአቶ መርሻ እጅ። በመጨረሻ ነጭ የሚባል ነገር ከፊቴ ጠፋ። የእናቴ ጣቶች ግን ጉንጬ ላይ አሉ፣ ዛሬም ደብዘዝ ብለው አሉ። ጽጌ ሦስት ዓመት ሊሞላት ሲል ሱሉልታ ሄድኩ። እማማ በለጡ ደጅ ፀሐይ ላይ አስቁመው አዩኝ። በዚህ ጊዜ በባዶ እጃቸው ነበር አገጬን የያዙኝ።

«ጠርቷል» አሉ። «ቃሌን አልበላም። ውሰጃት።»

ጽጌ ቀሚሳቸውን በሁለት እጇ ጨብጣ ጮኸች። ጣቶቿን አንድ በአንድ ያስለቀቅኩት እኔ ነኝ። እማማ በለጡ ቤት ገብተው በሩን ዘጉ፣ ከውስጥ ሲያለቅሱ ይሰማኛል። አዝዬያት እንጦጦን ስወጣ ጀርባዬን እየደበደበች «አዮ! አዮ!» ትላለች። ሁለት ዓመት ሙሉ የለመንኩት ቀን ይህ ነበር። ደስታ ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ፣ አልመጣም። ያን ማለዳ በእኔ የደረሰውን እኔ በእሳቸውም በእሷም ላይ እያደረስኩ እንደሆነ አውቅ ነበር። ቢሆንም አልመለስኳትም።

እህል እምቢ አለች። ስትከሳብኝ ጊዜ ፈርቼ በየክረምቱና በየበዓሉ እየወሰድኩ እማማ በለጡ ዘንድ አቆያታለሁ። እናትሽ እኔ ነኝ ብያታለሁ፣ ደጋግሜ ብያታለሁ። «እሺ» ትላለች። ጨዋ ልጅ ናት፣ ታዛዥ ናት። ከዚያ ዞር ብላ እንደ ጎረቤት ልጆች «እትዬ» ብላ ትጠራኛለች።

ዘንድሮ ትምህርት ቤት ላስመዘግባት ወሰድኳት። መምህሩ ደብተራቸው ላይ ስሟን ጻፉ፣ የአባቷን ስም ጻፉ።

«የእናት ስም?»

«በለጡ» አለች ጽጌ፣ ቀድማኝ።

መምህሩ ቀና ብለው አዩኝ። «አንቺስ ምኗ ነሽ?»

«እናቷ ነኝ» አልኩ። «አስካለ ብለው ይጻፉ።»

ጻፉ። እጇን ይዤ ወጣሁ። በሩ ጋ ስንደርስ ቆም አለችና ፊቴን ቀና ብላ አየችው።

«እትዬ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ ሰው እንዳይሰማብኝ፤ «መምህሩን ለምን ዋሸሻቸው?»